«መርፌ»፣ «ክትባት» እና «ከቆዳ ሥር»፤ መድኃኒትን ከአንጀት ውጪ የመስጠት ታሪክና የስያሜው ችግር

1. መግቢያ

«መርፌ ታዞለታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስንሰማ ነገሩ ግልጽ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ቃሉን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ወይም በመዝገበ ቃላት ለመፍታት ስንነሣ «መርፌ» በአንድ ጊዜ አራት ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛ፣ ሹሉ ብረት ነው፤ ሁለተኛ፣ ብረቱ የሚሰካበትና ፈሳሹ የሚያዝበት መሣሪያ፣ ማለት ሲሪንጁ ነው፤ ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት ነው፤ አራተኛ፣ «ሦስት መርፌ ቀርቶኛል» እንደሚባለው የመውጋቱ ድርጊት ነው። መድኃኒቱ በየትኛው የአካል ክፍል እንደሚገባ ግን ቃሉ አይናገርም። ይህ ለዕለት ንግግር አይጎዳም። ለመድኃኒት መግለጫ፣ ለሕክምና መማሪያ መጽሐፍና ለትርጕም ሥራ ግን ይጎዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምናደርገው ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ መድኃኒትን በአፍና በሆድ ሳይሆን በሌላ መንገድ የመስጠቱ ጥበብ እንዴት እንዳደገና የውጪዎቹ ቃላት ከጥበቡ ጋር እንዴት እንደተወለዱ በአጭሩ እንተርካለን። ቀጥሎም አማርኛ ለዚሁ ያሉትን ቃላት መርምረን፣ አሳሳች ሆነው ላገኘናቸው ምትክ እንጠቁማለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ከመርፌ በፊት

መድኃኒት በአፍ ብቻ የሚወሰድ ነገር ሆኖ አያውቅም። በአገራችን ባህላዊ ሕክምና በሽተኛ ይታጠናል፣ ይቀባል፣ ይኳላል፣ ይበጣል፣ በዋግምት ደሙ ይሳባል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ አማርኛ ለእያንዳንዱ መንገድ የየራሱ ግስ ያለው መሆኑ ነው። «ታጠነ» ያልነው ሰው መድኃኒቱን በጢስ እንዳገኘ፣ «ተቀባ» ያልነው በገላው ላይ እንዳገኘ ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልግ ይታወቃል። መንገዱን ግሱ ራሱ ይናገራል። ይህን ነጥብ በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ይያዝልን።

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ዊልያም ሃርቬይ ደም በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር መሆኑን በ1628 ካስረዳ በኋላ ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ ደም ሁሉን የሚያዳርስ ከሆነ መድኃኒትን በቀጥታ ወደ ደም ማስገባት ለምን አይቻልም? በ1656 በኦክስፎርድ ክሪስቶፈር ሬን፣ ያ በኋላ በሕንፃ ሥራው ስመ ጥር የሆነው ሰው፣ በወፍ ላባ ብርዕና በእንስሳ ፊኛ በተሠራ መሣሪያ ወይንና ኦፒየም ወደ ውሻ ደም ሥር አስገባ። በ1660ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር ዮሐን ዳንኤል ማዮርና ዮሐን ሲጊስሙንድ ኤልስሆልትስ ይህንኑ በሰው ላይ ሞከሩት። የኤልስሆልትስ መጽሐፍ ርእስ «አዲሱ ክሊስተር» የሚል ትርጕም አለው። ክሊስተር በፊንጢጣ በኩል ፈሳሽ የሚገባበት የጥንት ሕክምና ነው። እንግዲህ ሰውየው በደም ሥር በኩል ለሚሰጠው መድኃኒት ስም ቢያጣ በአንጀት በኩል ከሚሰጠው ተበደረ ማለት ነው። አዲስ ነገር በአሮጌ ስም መግባቱ በሁሉም ቋንቋ ያለ ነው።

ሙከራዎቹ ብዙ ጉዳት ስላደረሱ ነገሩ ተዳፍኖ ቆየ። በ1832 ኮሌራ ብሪታንያን በመታበት ጊዜ ግን በሊዝ ከተማ የነበረው ሐኪም ቶማስ ላታ በተቅማጥና በትውከት ፈሳሻቸው ያለቀ በሽተኞችን ጨውነት ያለው ውሃ በደም ሥራቸው በመስጠት ለማዳን ሞከረ። ከሞት አፋፍ የተመለሱ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ተሰቅሎ የምናየው የፈሳሽ ከረጢት የዘር ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል።

3. ሁለት ቃላት፣ አንድ ጠብ

የዘመናዊው መርፌ ታሪክ የሚጀምረው ከሕመም ማስታገሻ ነው። ሞርፊን ከኦፒየም ተለይቶ ከወጣ በኋላ ሐኪሞች በአፍ ሲሰጥ ከሚያስከትለው የሆድ ችግር የሚያመልጡበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር። አንዳንዶቹ ቆዳን በሚያቃጥል ቅባት አሳብጠው፣ ያበጠውን ልጠው፣ ዱቄቱን በቁስሉ ላይ ይነሰንሱ ነበር። በ1844 በደብሊን ፍራንሲስ ሪንድ በራሱ ክብደት በሚወርድ ፈሳሽ ሞርፊንን ከቆዳ በታች አስገባ። የሪንድ መሣሪያ መግፊያ አልነበረውም። በ1853 በሊዮን ሻርል ጋብርኤል ፕራቫዝ ደምን የሚያረጋ መድኃኒት ወደ ደም ቅዳ ለማስገባት በብሎን የሚሽከረከር የብር መሣሪያ አሠራ፤ በዚያው ዓመት በኤድንበራ አሌክሳንደር ዉድ ከሹል ባዶ መርፌ ጋር የተያያዘ መግፊያ ያለው መሣሪያ ለሕመም ማስታገሻ ተጠቀመበት፤ ሥራውንም በ1855 አሳተመ።

ዉድ ሞርፊኑን የሚወጋው ሕመሙ ባለበት ቦታ አጠገብ ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ የመድኃኒቱ ዋና ሥራ በተወጋው ቦታ ላይ የሚፈጸም ነበርና። የለንደኑ ሐኪም ቻርልስ ሃንተር ግን በ1858 ሌላ ነገር አስተዋለ። አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ ቦታው መግል ስለቋጠረ፣ ከሕመሙ ርቆ ሌላ ቦታ ቢወጋ በሽተኛው ያው እፎይታ አገኘ። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ እንጂ በተወጋበት የሚቀር አይደለም አለ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለቃላት ሠራተኞች የሚጠቅመው ክፍል ይመጣል። ዉድ ስለ ዘዴው ሲናገር የሚጠቀመው ከላቲን የመጣውን «ሰብኪዩቴኒየስ» የተባለውን ቃል ነበር፤ «ሰብ» በታች፣ «ኩቲስ» ቆዳ ማለት ነው። ሃንተር የራሱን ዘዴ ከዉድ ዘዴ ለመለየት ከግሪክ «ሃይፖደርሚክ» የሚል አዲስ ቃል አወጣ፤ «ሂፖ» በታች፣ «ደርማ» ቆዳ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት በፍቺያቸው አንድ ናቸው፤ አንዱ የሌላው ትርጕም ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በባለቤቶቻቸው አሳብ ግን የተራራቁ ነበሩ። አንደኛው በቦታው ስለሚቀር ሥራ፣ ሁለተኛው መላ ሰውነትን ስለሚያዳርስ ሥራ የቆመ ነበር። ክርክሩ በጋዜጦች መራራ ሆነ። በመጨረሻ በ1867 የለንደኑ ንጉሣዊ የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ፣ ሕመሙ አጠገብ መውጋትና ርቆ መውጋት የውጤት ልዩነት እንዳላሳየ ገልጾ ለሃንተር ፈረደ።

ከዚያ በኋላ ቃላቱ ምን ሆኑ? ሁለቱም ኖሩ፤ ልዩነታቸው ግን ጠፋ። ከዚህ የምንማረው፣ የቃል ሥረወ ነገር ብቻውን ትርጕምን እንደማይጠብቅ ነው። ሃንተር አሳቡን በቃሉ ውስጥ አስቀመጥሁ ብሎ አስቦ ነበር፤ ቃሉ ግን የተሠራበትን «ከቆዳ በታች» እንጂ የሃንተርን ክርክር አልተሸከመም። ስያሜ አውጪ ቃል ካወጣ በኋላ ብያኔውንም ካልጻፈለት ቃሉ ከእጁ ያመልጣል።

ጠቡ የቃላት ጠብ ብቻም አልነበረም። ኦፒየምን የመለማመድ ረኀብ በሆድ በኩል የሚመጣ ስለሆነ በመርፌ የተሰጠ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም የሚል እምነት በሐኪሞች ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር። መድኃኒቱ ከቆዳ በታች ቢገባም መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ከሆነ ይህ እምነት መሠረት የለውም። ሆኖም ብዙ ሰው በሱሱ ከተያዘ በኋላ ነው ማስጠንቀቂያው የተሰማው፤ ክሊፎርድ ኦልበት ስለ ሞርፊን መርፌ ያለ አግባብ መብዛት የጻፈው በ1870 ነበር።

4. «ፓረንተራል» የተባለው ቃል

ከዚያ ወዲህ መንገዶቹ በዙ። በ1867 አሚል ናይትራይት በትንፋሽ ተስቦ የልብ ሕመም ማስታገሻ ሆነ፤ በ1879 ዊልያም መረል ለዚያው ሕመም ናይትሮግሊሰሪንን ጥቅም ላይ አዋለ፤ ይህ መድኃኒት ዛሬም ከምላስ በታች ተደርጎ ይሟሟል። በ1886 በፓሪስ ስታኒስላስ ሊሙዘን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ንጹሕ መድኃኒት የሚታሸግበትን የመስታወት አምፑል ሠራ። በ1922 ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኳር በሽተኛ ተሰጠ። ኢንሱሊን በአፍ ቢወሰድ እንደ ምግብ ሁሉ በሆድ ውስጥ ስለሚፈጭ መወጋቱ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። በ1979 ደግሞ በቆዳ ላይ ተለጥፎ መድኃኒትን ቀስ በቀስ ወደ ደም የሚያዘልቅ ልጥፍ በአሜሪካ ተፈቀደ።

እነዚህን ሁሉ የሚጠቀልል ቃል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከግሪክ ተሠራ። «ፓራ» ማለት አጠገብ ወይም ውጪ፣ «ኤንተሮን» ማለት አንጀት ነው። ስለዚህ «ፓረንተራል» በቀጥታ ሲፈታ «ከአንጀት ውጪ» ይሆናል። በዚህ ፍቺ ከሄድን በትንፋሽ የሚሳበውም፣ በቆዳ የሚለጠፈውም ፓረንተራል ነው። በሕክምና ሰዎች አፍ ግን ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው በመውጋት የሚሰጠውን ብቻ ነው። ከምላስ በታች የሚሟሟው ክኒን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ የተቀመጠው በአፍ ውስጥ ነው፣ ወደ ደም የሚገባው ግን ወደ አንጀት ሳይወርድ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ቃሉን ባገኘ ቁጥር ጸሐፊው ሰፊውን ወይስ ጠባቡን ትርጕም እንደያዘ ከአገባቡ መለየት አለበት።

5. የአማርኛ ቃላት ምርመራ

ሀ) መርፌ። የግእዙ «መርፍእ» ሲሆን «ረፍአ» ከተባለው፣ ሰፋ ማለት ከሆነው ግስ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ስለዚህ መርፌ በመነሻው የሰፊ ዕቃ ነው። ወደ ሕክምና ሲገባ ግሱን ከስፌት ሳይሆን ከውጊያ ወሰደ፤ «መርፌ ሰፋ» ሳይሆን «መርፌ ወጋ» ተባለ። «ወጋ» የጦር ግስ ነው፤ «ውጋት» የምንለውም ሕመም ከዚሁ ይወጣል። ሕመሙም መድኃኒቱም ከአንድ ሥር በቀሉ። «መርፌ ወጊ» የሚለው መጠሪያም ከሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ይልቅ፣ ብዙ ጊዜ በየመንደሩ ያለ ፈቃድ የሚወጋውን ሰው ያመለክታል። ሕዝቡ መርፌ ከክኒን የበለጠ ኃይል አለው ብሎ ማመኑ ለእንዲህ ያለው ሰው ገበያ ፈጥሮለታል፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መውጋትም የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ከሰው ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለ) ክትባት። በግእዝ «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው፤ ከዓረብኛው «ከተበ» ጋር አንድ ዘር ነው። በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በእኛ አስተያየት የጽሕፈቱ ቃል ወደ ፈንጣጣ መከላከያ የተሻገረው በድርጊቱ መልክ ምክንያት ነው፤ ቆዳን በሹል ነገር ጫር ጫር ማድረግ በብራና ላይ ከመጻፍ አይርቅም። ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ ወደ ጤነኛ ሰው ብጣት ማስገባት በአገራችን ከዘመናዊ ሕክምና በፊት ይታወቅ እንደነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ጽፈዋል። የአውሮፓው ቃል መነሻ ሌላ ነው። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከላም ፈንጣጣ የወሰደውን ፈሳሽ ስለ ተጠቀመ «ቫክሲን» የመጣው «ቫካ» ከሚለው፣ ላም ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው። በ1881 ሉዊ ፓስተር ለጄነር ክብር ሲል ቃሉ ለሌሎች በሽታዎች መከላከያም እንዲውል አሳሰበ። የእነርሱ ቃል ከምንጩ፣ የእኛ ቃል ከድርጊቱ ተነሣ ማለት ነው።

የሁለቱም ቃላት ዕጣ ግን አንድ ሆነ። ላም የሌለበት ቫክሲን እንዳለ ሁሉ መጫር የሌለበት ክትባትም አለ። የፖሊዮ መከላከያ በሕፃኑ አፍ ላይ ሁለት ጠብታ ሆኖ ሲሰጥ «ክትባት» መባሉን ማንም አይቃወምም። ቃሉ ከመንገዱ ተላቅቆ በዓላማው ላይ ቆሟል። በሌላ በኩል በ1971 በኢትዮጵያ በተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ከሥራ ላይ የዋለው ቤንጃሚን ሩቢን የፈለሰፈው ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ነበር። ጥርሶቹ አንዲት ጠብታ ይዘው ክንድ በላዩ ላይ ቶሎ ቶሎ ይወጋ ነበር። በዚያ ዘመቻ «ክትባት» ለቃሉ መነሻ ታማኝ ሆኖ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ የታየው በነሐሴ ወር 1976 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን በ1980 አወጀ።

ሐ) ግሉኮስ። በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሁሉ በሕዝብ አፍ «ግሉኮስ» ነው፤ «ግሉኮስ ተሰክቶለታል» ይባላል። ክኒን ያለፈበት መንገድም ይኸው ነው፤ የወባው ኪኒን ስሙን ለእንክብል ሁሉ አወረሰ። የክኒኑ መስፋፋት ጉዳት የለውም፤ የግሉኮሱ ግን አለው። የጨው ውሃና የስኳር ውሃ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ በተለይ ስለ ስኳር በሽተኛ የተነገረን ቃል የሚተረጕም ሰው በልማድ «ግሉኮስ» ያለውን ዘመድ እንደ ሐኪም ቃል ቢወስድ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

መ) ሥር። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። «ሥር» በአማርኛ የዛፍ ሥር ነው፤ የደም መሄጃ ነው፤ ደግሞም «በታች» ማለት ነው። ስለዚህ «በደም ሥር የሚሰጥ» እና «በቆዳ ሥር የሚሰጥ» የተባሉት ሐረጎች በቅርጽ መንትያ ሆነው ሳለ፣ በመጀመሪያው «ሥር» ቧንቧ ነው፣ በሁለተኛው ግን አቅጣጫ ነው። ጠንቃቃ አንባቢ ይለያቸዋል። በደበዘዘ ጽሕፈት፣ በተጣበበ መስመር፣ በሌሊት ተረኛ እጅ ግን መለያው አንድ ቃል ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ደም ሥር» ከልብ የሚወጣውንም ወደ ልብ የሚመለሰውንም ያጠቃልላል። የትምህርት መጻሕፍት «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ብለው ለይተዋቸዋል፤ መልካምም አድርገዋል። በደም መልስ መግባት ያለበት መድኃኒት በደም ቅዳ ቢገባ እጅን ወይም እግርን እስከ ማሳጣት የሚያደርስበት ጊዜ አለና።

6. ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ይህ ሁሉ የቃላት ጥንቃቄ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ እናቅርብ። የመጀመሪያው በአገራችን በሚገባ የሚታወቀው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ በሽታ እንዳያገረሽ ወጣቶች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጉታል። ይህ መድኃኒት የሚሰጠው ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ነው። በስሕተት ወደ ደም መልስ ከገባ የልብንና የትንፋሽን ሥራ አቁሞ ሊገድል ይችላል። ሌላው ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው። ይህኛው ደግሞ በተቃራኒው የሚሰጠው በደም መልስ ብቻ ነው፤ ወደ ኅብለ ሰረሰር ልባስ ፈሳሽ ከገባ በሽተኛው የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ይህን ስሕተት ለመከላከል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ማስጠንቀቂያው ያተኮረበት አንዱ ነገር በመያዣው ላይ የሚጻፈው ቃል ነበር። አንደኛው መድኃኒት በደም መልስ ይገድላል፤ ሁለተኛው ከደም መልስ ውጪ ይገድላል። ሁለቱንም «መርፌ» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የጤና ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ «አይ ኤም»፣ «አይ ቪ»፣ «ኤስ ሲ» በሚሉት የባዕድ ፊደላት ይግባባሉ። እርስ በርሳቸው ይበቃቸዋል። በሽተኛው፣ አስታማሚውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከምታስተምራት እናት ዘንድ ሲደርስ ግን ፊደሉ ዝም ይላል።

7. የምንጠቁማቸው ስያሜዎች

ቀደም ብለን አንባቢ እንዲይዝልን ወዳሳሰብነው ነጥብ እንመለስ። የአማርኛ ኃይል በግሱ ነው። ባህላዊው ሕክምና መንገዶችን የለየው ስም በማብዛት ሳይሆን ለየመንገዱ ግስ በመስጠት ነበር። «መርፌ» ግን መንገዶቹን ሁሉ በአንድ ስም ውጦ አስቀራቸው። ስለዚህ የምንጠቁመው ባዕድ ቃል መጨመርን ወይም ከግእዝ እንግዳ ቃል መቀመርን ሳይሆን፣ «ወጋ» ከሚለው ግስ ጋር ቦታውን በግልጽ ማናበብን ነው።

«ፓረንተራል» በሰፊው ትርጕሙ «ከአንጀት ውጪ የሚሰጥ» ይባል፤ በጠባቡ ትርጕሙ «በመውጋት የሚሰጥ» ይባል። «ኢአንጀታዊ» የሚለውን ቅርጽ አስበንበት ትተነዋል፤ «ኢ» ነገሩ ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርምና። «ሰብኪዩቴኒየስ»ም «ሃይፖደርሚክ»ም በአንድነት «ከቆዳ በታች» ይባሉ፤ «ሥር» የሚለው ቃል በመድኃኒት መንገድ ስም ውስጥ አቅጣጫን እንዲያመለክት አይደረግ። እንደ ቢሲጂ ክትባት በቆዳው ንብርብር መካከል የሚቀረው «ቆዳ ውስጥ»፣ በሥጋ የሚገባው «ጡንቻ ውስጥ»፣ በደም የሚገባው «ደም መልስ ውስጥ» ወይም «ደም ቅዳ ውስጥ»፣ በአከርካሪ የሚገባው «ኅብለ ሰረሰር ልባስ ውስጥ» ይባል። የማይወጉት ደግሞ በየግሳቸው ይጠሩ፤ «ከምላስ በታች የሚሟሟ»፣ «በትንፋሽ የሚሳብ»፣ «በቆዳ የሚዘልቅ»። «መርፌ» ለብረቱ፣ «ሲሪንጅ» ለመሣሪያው ይቅር። «ክትባት» በማናቸውም መንገድ ይሰጥ በሽታን አስቀድሞ የሚከላከለው ሁሉ ስም ሆኖ ይቀጥል፤ ከሕዝቡ አፍ የምንነጥቀው አንዳች ምክንያት የለንም።

እነዚህ ስያሜዎች ረጃጅም ናቸው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው። «መርፌ» ሦስት ፊደል ነው፤ «ጡንቻ ውስጥ የሚወጋ» ግን ሐረግ ነው። ነገር ግን የዉድና የሃንተር ታሪክ እንዳሳየን አጭር ቃል ያለ ብያኔ የጸሐፊውን አሳብ አያደርስም። ሐረጉ ብያኔውን በውስጡ ይዟል፤ የሚያነበው ሰው ሐኪም ባይሆንም እንኳ መድኃኒቱ ወዴት መግባት እንዳለበት ያውቃል። ቃሉ ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ ለሚገባበትም ሰው ነውና፣ ከአጭሩ ይልቅ ግልጹን መርጠናል።